በርጩማ ሲገባ፣ ፍየል ሲወጣ

በወሎ ዝናብን ማማት ነውር ነው፤ የበልጉን ደግሞ በተለይ። ሸኹ ዱዓ አድርገው፣ ቄሱ እግዚኦታ አድርሰው፣ ገበሬው ሰማይ ሰማይ ሲያይ አንገቱ ተጣሞ የመጣን ዝናብ “አረጠበኝ፣ አበረደኝ” ብሎ ማማረር፣ ለምነው ያስመጡትን እንግዳ “ጫማህ ጭቃ ነው” ብሎ ከደጅ እንደመመለስ ነው። 1966ንና 1977ን ያየ አገር በደመና አይቀልድም። ስለዚህ መጋቢት ላይ ካፊያው ሲጀምር እኛ የሐይቅ ሰዎች መንገድ ላይ ስንገናኝ የምንባባለው የታወቀ ነው። አንዱ “አልሐምዱሊላህ” ይላል፣ ሌላው “ተመስገን” ይላል፤ የሁለቱም ጥርስ ይንገጫገጫል።

ብርዱን ግን ማንም አልለመነውም። እሱን ለብቻው ነጥሎ ማማት ይፈቀዳል ባይ ነኝ።

ችግሩ የሐይቅን ብርድ ለሌላ አገር ሰው ማስረዳቱ ላይ ነው። ከተማችን ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች የተሁለደሬ ወረዳ ከተማ ናት፤ ወይና ደጋ እንጂ ደጋ አይደለችም። ጦሳ ሥር ያደገ የደሴ ሰው እኛ ዘንድ ሲመጣ ጃኬቱን አውልቆ ክንዱ ላይ ያንጠለጥላል። ከወገል ጤና የወረደ የደላንታ ሰውማ፣ እኛ ጋቢያችን ውስጥ ተኮራምተን እያየን፣ “እንዴት ያለ ደስ የሚል አየር ነው!” ብሎ ይንጠራራል። ኮምቦልቻ ደውለን “በረደን” ብንል በእርግጥ ከልባቸው ያዝኑልናል፤ ነገር ግን የኮምቦልቻ ሰው ስለ ብርድ የሚሰጠውን ምስክርነት የሚቀበል ዳኛ የለም። የእኛ ብርድ የሚከፋው በመጠኑ ሳይሆን በአመጣጡ ነው። ከሐይቁ በኩል ጉም እርጥበቱን ተሸክሞ ይመጣል፣ ከአምባሰል በኩል ነፋስ ይወርዳል፣ ሁለቱ ዋናው አስፋልት ላይ ይገናኛሉ። የሰፈራችን አበባ የተተከለው እዚያው መገናኛቸው ላይ ነው።

አበባ ስል ለማሳጠር ነው። ሲዘረዘር፣ ከከባድ መኪና ወልቀው ቢጫና አረንጓዴ የተቀቡ ጎማዎች፣ አናታቸው የተቆረጠ ጀሪካኖች፣ ጥቂት የሲሚንቶ ሳጥኖችና በሽቦ የታጠረች ባለ ሦስት ማዕዘን መሬት ናት። ይህችኛዋ “መናፈሻ” ትባላለች፤ አንድ ሰው ገብቶ ሲናፈስባት ሌላው ውጭ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። በነዚህ ሁሉ ውስጥ ጽጌረዳ፣ ጀራኒየም፣ ካና፣ እንዲሁም አጥር እንዲሆን የታሰበ ዱራንታ ነበሩ። “ነበሩ” የምትለዋን አስምሩባት።

የተተከሉት ክረምት ላይ ነው። ከ2011 ወዲህ በዚህ አገር ችግኝ ሳይተክሉ ክረምትን መውጣት አይቻልም። ያን ዓመት ሐምሌ 22 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ተተከለ ከተባለ ጀምሮ ተከላ የራሱ ኮፍያ፣ የራሱ ቲሸርትና የራሱ ፎቶግራፍ ያለው በዓል ሆኗል። ከበዓሉ በኋላ ስላለው ወራትም ብዙ ተነግሯል፤ “መትከል ብቻ ሳይሆን መንከባከብ” የሚለውን ያልሰማ ችግኝ እንኳ የቀረ አይመስለኝም። የጎደለው፣ መንከባከብ ምን ማለት እንደሆነ የሚናገር ሰው ነው። ሁሉም የሚያስበው ውሃ ማጠጣት፣ መኮትኮት፣ ፍግ መጨመር ነው። እነዚህን አልነቅፍም። በእኛ ከተማ ግን የአደባባይ አበባን የሚያድነው መቀመጥ ነው።

ማስረጃ አለኝ። አስፋልቱ ዳር ቡና የምታፈላ ሴት አለች። በርጩማዎቿን የደረደረችው በሁለት ጎማዎችና በአንድ የሲሚንቶ ሳጥን ዙሪያ ነው፤ አበባ ወድዳ አይደለም፣ ሳጥኑ ከሰሏን ከነፋስ ስለሚከልልላት ነው። ሲኒ ስታጥብ እጣቢውን ጎማው ውስጥ ትደፋለች፣ የጀበናውንም አተላ እዚያው ታራግፋለች። የእሷ ጀራኒየም ዓመቱን ሙሉ ቀይ ነው። ከእሷ በርጩማ ሃያ እርምጃ ያህል አለፍ ስትሉ ደግሞ ያው ዓይነት ጎማ፣ ከዚያው ጋሪ የወረደ አፈር፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰው እጅ የተተከለ ችግኝ የነበረበት ቦታ አለ። አሁን ያለበት የተጨፈለቀ ሃይላንድ ነው።

ቡና የሚጠጣ ሰው ሥራ የለውም፤ ሥራ የሌለው ሰው ደግሞ ያያል። አንድ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እጁን ወደ አበባው ሲዘረጋ፣ ከበርጩማው ሳይነሳ፣ ሲኒውን ከአፉ ሳያርቅ “አንተ!” ይለዋል። ይህ “አንተ!” በየትኛውም የእርሻ መጽሐፍ አልተጻፈም፤ እኔ በበኩሌ ከዩሪያ አስበልጠዋለሁ። ሴትየዋ ግን ጠባቂነቷን አታውቀውም፤ ሲነግሯትም አትወድም። አንዱ ደንበኛ ለማሞገስ ብሎ “የሰፈራችን አትክልተኛ” ቢላት፣ “እኔ ቡና ሻጭ ነኝ ወንድምዋ! ምነው ባላወጣሁት ስም ጠራኸኝ?” ብላ የቶናውን ውሃ አበዛችበት።

ይህን ነገር ከእኔ ቀድመው የደረሱበት ሰዎች አሉ። ዋንጋሪ ማታይ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1977 ኬንያ ውስጥ የአረንጓዴ ቀበቶን እንቅስቃሴ ሲጀምሩ፣ ለሴቶቹ ይሰጡ የነበረው ትንሽ ክፍያ የሚታሰበው በተተከለው ሳይሆን በጸደቀው ችግኝ ነበር። ገንዘቡ ጥቂት ሳንቲም ነው፤ ሥራው ግን ሰውን ከችግኙ አጠገብ ማስቀመጥ ነው። ደሴም ከ2009 ጀምሮ የከተማ ሴፍቲኔት ሲገባ በየመንገዱ የሚጠርጉና አረንጓዴውን የሚንከባከቡ እናቶች ወጡ፤ መጥረጊያ የያዘች እናት ባለችበት ጎዳና ላይ አበባ ለመንጠቅ ደግሞ ድፍረት ይጠይቃል።

ከሁሉ የቆየው ምስክር ግን ከእኛው ሐይቅ ዳር ነው። ድሮ ደሴት የነበረው፣ ዛሬ በእግር የሚገባበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ዛፍ ለብሶ ይታያል፤ ዙሪያው ያለው ኮረብታ ተራቁቶ እሱ ግን ጥቅጥቅ እንዳለ ነው። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጥተው ትምህርት ቤት ካቆሙበት፣ እነ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ካስተማሩበት ጊዜ ወዲህ ያንን ዛፍ ለማጽደቅ ዘመቻ ታወጀ ሲባል አልሰማሁም። የሆነው ሌላ ነው፤ ከ700 ዓመት በላይ እዚያ ሁልጊዜ አንድ የተቀመጠ ሰው አለ። አንድ አባት በር ላይ፣ አንድ አባት ዛፍ ሥር፣ ዳዊታቸውን ይደግማሉ፣ ቀና ይላሉ፣ ያያሉ። ቡና አፍሊዋ ይህን ሄዳ ልታረጋግጥ አትችልም፤ ገዳሙ ሴት አያስገባም። በኋላ የማስተዋውቃችሁ ፍየል ሴት መሆኗን ሳስብ፣ ሕጉ ለዛፎቹም ታስቦ የወጣ ይመስለኛል።

የመቀመጥ ሥርዓት ግን አንድ ድክመት አለው። ብርድ አይችልም።

መጋቢት ላይ ካፊያው ከነነፋሱ ሲመጣ መጀመሪያ የሚገባው በርጩማው ነው። ቀጥሎ ረከቦቱ፣ ቀጥሎ ጀበናው፣ በመጨረሻ ደንበኛው። በሩ ገርበብ ይላል፣ ጭሱ ከውስጥ ይሸታል፣ ወሬው ከውስጥ ይሰማል፣ መንገዱ ባዶውን ይቀራል። ባጃጆቹ እንኳ በሸራቸው ተሸፋፍነው ከግድግዳ ሥር ይጠጋሉ። “አንተ!” የሚል አንድም ጉሮሮ ውጭ የለም። ያኔ ኦዲተሯ ትመጣለች።

ኦዲተሯ ፍየል ናት። ስሙን ያወጣላት ሰፈሩ ነው፤ በአሠራሯ ምክንያት። ከላይኛው ጎማ ትጀምራለች፣ አንድም ሳትዘል ወደ ታች ትወርዳለች። ሥር የያዘውን ትግጠዋለች፤ ሥር ያልያዘውን ከነሥሩ ነቅላ በደንብ አለመተከሉን መሬት ላይ አስቀምጣ ታሳየናለች። የፍየልን ጠባይ የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ያቋርጠኛል፤ ፍየል ዝናብ ትጠላለች፣ ገና ጠብ ሲል ጣራ ሥር የምትሸሽ እንስሳ ናት ይለኛል። ልክ ነው። የማንኛውም ጤነኛ ፍየል ጠባይ ያ ነው። የእኛዋ ግን መርቅና ነው የምትወጣው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐይቅ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት፤ መንገደኛ ዓሣ ለመብላት ይወርዳል። ሲወርድ ከመኪናው ጋር አብሮ የመጣ የጫት ገረባ ይኖራል። ገረባውን የሚጥልበት ዕቃ ሲፈልግ ከፊቱ የተቀባ ጎማ ያገኛል፤ መሐሉ ባዶ፣ ከውስጡ አፈር ያለው። እውነቱን ለመናገር መልኩ ቆሻሻ መጣያ መሆኑን አልክድም። ኦዲተሯ የምትመጣው ለገረባው ነው፤ ተጓዡ የጀመረውን ምርቃና እሷ ትጨርሰዋለች። ከዚያ በኋላ ብርዱም ካፊያውም አይሰማትም፣ ዓይኗ ይፈጣል፣ ጽጌረዳውን ማጣጣሚያ ታደርገዋለች። ገና ሳይፈነዳ ያለውን እምቡጥ ትመርጣለች፤ ሙያዋን ታውቃለች።

በዚህች ፍየል ላይ ሰፈሩ ያልሞከረው ዘዴ የለም፤ እሾሃማና መራራ መትከልም አንዱ ነበር። “የወፍ ቆሎ ይሁን፣ ፍየል አትነካውም” ያለ ነበር። አትነካውም፣ እውነት ነው። ግን የወፍ ቆሎም መጀመሪያ ወደ አገር የገባው ለጌጥ ነው፤ ዛሬ ስንት የግጦሽ መሬት እንደወረረ የሚያውቅ ሰው ከጎማ ውስጥ አይተክለውም። እኔ ያቀረብኩት እሬት ነበር። የአገራችን ተክል ነው፣ ውሃ አይለምንም፣ አበባው ቀይ ነው፣ ኦዲተሯ ብትቀምሰው ሁለተኛ አትመለስም። አንዲት እናት ግን ነጠላቸውን አጣፍተው፣ “እሬትማ የመቃብር ነው ልጄ፤ በቁማችን ልትቀብሩን ነው?” አሉ። እሬት በዚሁ ተዘጋ።

እሳቸው በምትኩ ያመጡት ሐሳብ ጤና አዳም፣ አሪቲ፣ በሶብላና ጠጅ ሣር ነበር። “የማይበላ ነገር ተክላችሁ ነው ሰው የማይጠብቀው” አሉ፤ ትልቅ ንግግር ነበር። ጤና አዳሙ በአንዱ የሲሚንቶ ሳጥን ውስጥ ተተከለ፣ ያዘ፣ ሸተተ። ከዚያ የሰፈሩ ሁሉ ቡና ከእሱ መጠጣት ጀመረ። እያንዳንዷ ጎረቤት የምትወስደው “አንዲት ጫፍ ብቻ” ነው። አንዲት ጫፍ ግን በቀን ሦስት ጊዜ ቡና በሚፈላበት አገር ብዙ ነው። ሳጥኑ ተላጨ። “ሌቦች!” ብለው የጮኹ አሉ፤ እኔ ከነሱ ጋር አልነበርኩም። እንግሊዝ አገር ቶድሞርደን የምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2008 እነ ፓም ዋርኸርስት ተሰባስበው በየመንገዱ ዳር፣ በፖሊስ ጣቢያው ደጅ ሳይቀር፣ ቅመማ ቅመምና አትክልት ተከሉ፤ ያለፈ ያገደመ ሁሉ ያለ ክፍያ እንዲቀጥፍ። ያንን ለማየት ከሌላ አገር ድረስ ጎብኚ ካሜራ አንግቶ ይሄዳል። እዚያ ሲሆን ንቅናቄ፣ እኛ ሰፈር ሲሆን ሌብነት የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም። ደግሞ ጤና አዳም ጫፉ ሲቀነጠብ ከጎኑ ያቆጠቁጣል፤ ጉዳቱ የሚመጣው ጫፉ ሲያልቅ ግንዱን የሚቀነጥብ ጎረቤት ሲኖር ነው። እንዲህ ያለ ጎረቤት ደግሞ አለን።

የዓሣውን ነገር ቶሎ ልለፈው። ከ1970ዎቹ መባቻ ጀምሮ ቴላፒያ ሐይቁ ውስጥ ከተጨመረ ወዲህ ከተማዋ በዓሣ ታውቃለች። ከዓሣ ጠባሾቹ አንዱ የዓሣ ጭንቅላት ከአፈር በታች ቢቀበር ከፍግ ይበልጣል አለ። ይበልጣል። ግን ይህን ውሾቹም ያውቃሉ።

የውሃውን ጉዳይ ግን እንዲህ አላልፈውም፤ የሚያሳፍር ስለሆነ። ከ20 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የተኛ፣ አንዳንድ ቦታ ላይ ከ80 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ሐይቅ አጠገባችን አለ፤ ከተማዋም ስሟን የወሰደችው ከእሱ ነው። አበባችን በበጋ የሚሞተው በጥም ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው። ያው አበባ በበልግ የሚሞተው ደግሞ ሰጥሞ ነው፤ የሲሚንቶ ሳጥኖቹ ከሥራቸው ቀዳዳ የላቸውም። ሠሪያቸው ጥሩ ሠራተኛ ነበር፣ ምንም ነገር እንዳያፈስስ አድርጎ ነው የሠራቸው። ዝናቡ ሲወርድ አፈሩ ይጨቀያል፣ ሥሩ አየር ያጣል፣ ይበሰብሳል። ከላይ ቅጠሉ ሲጠወልግ ያየ ደግ መንገደኛ ደግሞ የተጠማ መስሎት ከያዘው ሃይላንድ ጨምሮበት ይሄዳል።

ውሃ ማጠጣት የማን ነው ለሚለው ጥያቄ ውል ነበረን፤ በቃል። እኛ የምናስታውሰው ውሉ ሰፈሩ አበባውን ይጠብቃል፣ የሚመለከተው አካል ደግሞ በበጋ በቦቴ ያጠጣል የሚል ነበር። የሚመለከተው አካል የሚያስታውሰው ሰፈሩ ይጠብቃልም ያጠጣልም፣ እሱ ደግሞ ይከታተላል የሚል ነው። ውጫሌ ከእኛ ሩቅ አይደለችም፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ውሉ የተፈረመባት፣ እዚሁ አምባሰል ውስጥ ያለችው ያችው ናት። የዚያ ውል አንቀጽ 17 በሁለቱ ወገን ሁለት ዓይነት ሆኖ ነገሩ ዓድዋ ደረሰ። የእኛው ዓድዋ አልደረሰም። ሁለታችንም አንድ የማይመጣ ቦቴ ስንጠብቅ በጋው አለቀ፣ በልጉ ገባ።

የቅሬው ዳኛ ሰውን የጠሩት በዚህ ጊዜ ነው። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ እኛ ዘንድ ሸኹም ቄሱም አንድ ቅሬ ውስጥ ናቸው፣ ቅሬ ሲጠራ የቀረም ይቀጣል። ያን ጠዋት ብርዱ ሰው የሚያስወጣ አልነበረም። አንዱ በጋቢው ውስጥ ሆኖ፣ “ጋሼ፣ ቅሬ እኮ ለሞተ ሰው ነው” ብሎ ተከራከረ። ዳኛው በከዘራቸው ወደ ጎማዎቹ እያመለከቱ፣ “ታዲያ እነዚህ ምን ሆኑ?” አሉት። ክርክሩ አለቀ፣ ወጣን።

በጋቢ መኮትኮት አይቻልም፤ ያለ ጋቢ ደግሞ መኖር አይቻልም። ይህን ለመፍታት አብዛኛው ሰው የመረጠው ምክር መስጠትን ነው። አንድ መኮትኮቻና ሁለት አካፋ ነበር፤ ያዦቹ ወጣቶች፣ መካሪዎቹ የቀረነው። ገና ሥራው እንደተጀመረ ከአምባሰል በኩል ልጃቸውን ለመጠየቅ የመጡ አንድ ገበሬ ቆም ብለው አዩንና፣ “እንዲህ የረጠበ አፈር አይኮተኮትም ልጆች፤ ሲደርቅ ጡብ ይሆንባችኋል” አሉ። መኮትኮቻው ወዲያው ተቀመጠ። ይህ ሰፈር ሳይንስን እንዲያ በአንድ ድምፅ ሲቀበል አይቼ አላውቅም። ደስታችን ግን አልቆየም። “ለአረም ግን የዛሬን የመሰለ ቀን የለም፤ ከነሥሩ ይነቀልላችኋል” አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ስለዚህ አረም ነቀልን። ሳጥኖቹን ደግሞ አንድ ግንበኛ ልጅ ድሪል አምጥቶ ከሥራቸው ይበሳቸው ጀመር። ከመጀመሪያው ሳጥን ሲወርድ የነበረውን ጥቁር ውሃ አይተው ሸኹ፣ “አብሽሩ፣ ይህ እንኳ ተነፈሰ” አሉ። የደረቀው የጽጌረዳ ቅርንጫፍ ተቆረጠ፤ ከቡና አፍሊዋ ጀራኒየም ቁራጭ ተወስዶ በባዶዎቹ ጎማዎች ተተከለ። እሷ ከበሯ ሆና እያንዳንዱን ቁራጭ በዓይኗ ቆጠረች።

አስቸጋሪው ከአረሙ ውስጥ አበባውን መለየት ነበር። በመናፈሻዋ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ያማረ፣ የለመለመ፣ ነጫጭ ፈርጥ ያወጣ ተክል ነበር፤ ማንም አልተከለውም። ፓርቲኒየም ነው። ይህ አረም በ1980 ገደማ አገራችን ውስጥ ታየ፤ የእርዳታ እህል በሚከፋፈልባቸው ቦታዎች አካባቢ ነው መጀመሪያ የተገኘው፣ ወሎም አልቀረላትም። ቆዳን ያሳክካል፣ ከብት ከበላው ወተቱን ያመርራል፣ ዘሩን ከዘራ በኋላ መመለሻ የለውም፤ መነቀል ያለበት አበባ ሳያወጣ፣ ያውም በጓንት ነው። ጓንት ስላልነበረ እጃችን ላይ ፌስታል አስረን ስንነቅል አንድ አውቶቡስ ቆመ። ከውስጡ የወረደ፣ ጥሩ ኮት የለበሰ ሰው ስልኩን አውጥቶ ነጩን አበባ ፎቶ ማንሳት ጀመረ።

“ምን የሚባል አበባ ነው?” አለ።

“ፓርቲኒየም” አለው አንዱ ወጣት፣ ፌስታሉን እንዳሰረ።

“ስሙም ያምራል!” አለና፣ “እባካችሁ ለምን ትነቅሉታላችሁ?” ብሎ ወቀሰን። ዓሣውን በልቶ ሲመለስ የተነቀለውን ክምር አይቶ አዘነ። ያዘነ ሰው የሚያደርገው ይጠፋዋል፤ እጁ ላይ የነበረውን ገረባ አዲስ ጀራኒየም የተተከለበት ጎማ ውስጥ አስቀምጦ ገባ።

ይህን ሁላችንም አየን፤ ከጥግ ቆማ ኦዲተሯም አየች። ነገሩ የቅሬው ስብሰባ ላይ የደረሰው በዚህ ምክንያት ነው። ባለቤቷ ጡረታ የወጡ ዘበኛ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን የሰው መጋዘን ሲጠብቁ ኖረው ለራሳቸው ያፈሩት ይህችን አንዲት ፍየል ነው። “ትታሰር” የሚል ሐሳብ ቀረበ። “የታሰረች ፍየል ማን ያበላታል?” አሉ። “ባለቤቷ ይቀጣ” ተባለ። “አበባችሁን ማንን ጠብቅ ብላችሁ ነው ጥላችሁት የገባችሁት? እሷ የተጣለ ነው ያነሳችው” አሉ፤ ለዚህ መልስ የነበረው ሰው አልነበረም። ዳኛው በመጨረሻ ቅጣቱን ቀየሩት። በብርድ ቀን ቡና አፍሊዋ ስትገባ እሳቸው በርጩማ ይዘው እንዲወጡ፣ ከሲሚንቶ ሳጥኑ ጀርባ ከነፋስ ተከልለው እንዲቀመጡ፣ ለዚህም ቅሬው ቡና እንዲከፍልላቸው ተወሰነ።

ክርክሩ እዚህ ላይ ከረረ። የቅሬው ገንዘብ ያዥ በቀን አንድ አቦል ብቻ እንደሚችል ተናገረ። ሽማግሌው ዘበኛ ዘንጋቸውን መሬት ላይ አቆሙ፤ በሥራ ዘመናቸው ደመወዝ ሳይስማሙ በር ላይ ቆመው እንደማያውቁ አስታወሱ። “በአቦል የሚጠበቁት ጎማዎቹ ናቸው” አሉ። “ሳጥኖቹን ካላችሁ ቶና ጨምሩ። መናፈሻዋን ካላችሁ ደግሞ በረካውም አለ።”

ዳኛው ከገንዘብ ያዡ ጋር በጆሮ ተነጋገሩ። ቶናው ተፈቀደ። በረካው ዝናቡ ሲያባራ ይታያል ተብሎ በቃለ ጉባኤ ተያዘ፤ ፍየሏም እስከዚያው ከባለቤቷ ጋር በሥራ ሰዓት እንድትገኝ።